የወተቱ በርሜልና የእሸቴ ጀርባ

መጀመሪያ ያየችው ጀርባውን ነው።

ሰው ከሰው የሚተዋወቀው ፊት ለፊት ነው፤ ለእነሱ ግን እንዲያ አልሆነላቸውም። ታሪኩን የነገሩኝ ሁለቱም ናቸው። አንዱ የዘለለውን ሌላው እየሞላ፣ አንዳንዴም «ኧረ እንዲያ አላልኩም!» እየተባባሉ። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። እነሆ፣ የሰማሁትን ላውጋችሁ።

ጊዜው ስልሳ ስድስት ነው፤ ቦታው ቆቦ። ዝናቡ ቀርቶ፣ ማሽላ ሰውን የሚሰውርበት የራያ ሜዳ አቧራ ብቻ የቀረበት ዘመን። ከዋጃ በኩል፣ ከጎብዬ በኩል፣ ከየቆላው ሰው በአውራ ጎዳናው ዳር እየተጎተተ ቆቦ ይገባል። ከከተማው ጫፍ መጠለያ ተሠርቷል፤ መጠለያ ይባል እንጂ ሸራና ሣር ነው። ከጎኑ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። በመጋዘኑ ውስጥ የሕፃናት የዱቄት ወተት ከነጣሳው ተደርድሯል።

ወተቱ ታዲያ በተጻፈ ደንብ ነው የሚሰጠው። ደንቡን የሚያነበው የመጠለያው ሹም አቶ ሙሉጌታ ነው። ማን አወጣው ሲባል «ከበላይ ነው» ይላል። ወተት የምታገኘው ጡቷ የደረቀ እናት ብቻ ናት። መድረቁ በምን ይታወቃል? እናትየዋ ድሬሰሩ በሚባለው የጤና ረዳት ፊት ቆማ ጡቷን ትጨምቃለች። ጠብታ ከወጣ «አለሽ፤ ዞር በይ።» ካልወጣ «እለፊ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቶቹ ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያችን ደቂቃ እንዴት እንደሚያልፏት የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

እሸቴ የወተቱ በጥባጭ ነበር። የቆቦ ገበሬ ነው። በሬዎቹ ካለቁበት ወዲህ በስንዴ ተቀጥሮ፣ ዱቄቱንና ውሃውን በርሜል ውስጥ በረጅም እንጨት ያማስላል፤ ከዚያ ለእናቶቹ በጭልፋ ይቀዳል። በርሜሉ የቆመው ከድሬሰሩ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። አንዲት እናት ጠረጴዛው ጋ በደረሰች ቁጥር ግን እሸቴ ፊቱን ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ያዞራል። ማንም አላዘዘውም። ጀርባውን ሰጥቶ ያማስላል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀዳል።

«እለፊ» አለ ድሬሰሩ በዚያ ጧት።

እሸቴ ሳይዞር ጭልፋውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ገለበጠው። ጣሳው ግን እዚያ አልነበረም።

«ዋይ ኣነ! ልጄን አጠጣልኝ አልኩህ እንጂ እግሬን አጠጣልኝ አልኩህ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ ሰልፍ ላይ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። እሸቴ ደንግጦ ዞረ።

ልጅ እግር ናት። ፊቷ ላይ ከዓይኗ በቀር የተረፈ ነገር የለም። ወተቱ በእግሯ ጣቶች መካከል እየወረደ አፈሩ ሊጠጣው ነው። እሷ ቁጢጥ ብላ ከእግሯ ላይ በጣቷ እየጠረገች፣ ሳይቆሽሽ የቀረውን ለሕፃኑ ታልሰዋለች።

«ይቅር በይኝ እህቴ... ይቅር በይኝ። ሌላ ልቅዳልሽ።»

«ለአንድ ሰው አንድ ጭልፋ!» ብሎ ጮኸ ድሬሰሩ።

«የደፋሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«ደንብ ነው!»

እሸቴ ሁለተኛ ጭልፋ ቀዳላት። ድሬሰሩ እየጮኸ ሳለ ጀርባውን ሰጠው።

እሷ ግን ወዲያው አልሄደችም። ጣሳዋ ውስጥ ተመለከተች።

«ለመሆኑ ውሃው ፈልቷል?»

«አልፈላም። ለማገዶ የተፈቀደ ነገር የለም ይላሉ።»

«የሹሙ ሻይ በምን ፈላ ታዲያ?»

ልጆቹ ወተቱን ጠጥተው ተቅማጥ እንደሚይዛቸው እሱም አይቷል፤ ሁለት ጊዜ ለሹሙ ተናግሮ ሁለት ጊዜ «ይታሰብበታል» ተብሏል።

በማግስቱ ስትመጣ ከበርሜሉ ሥር እሳት ይነድዳል። ውሃው እየፈላ ነው። ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆመችው ኡሙልኸይር ወደ እሳቱ በአገጯ እያመለከተች፣ «አየሽ አንቺ?» አለቻት። «ሞፈሩን ነው የሚያነደው። ትናንት ሞፈሩን ፈልጦ መጣ፤ ነገ ቀንበሩን ነው። ወላሂ፣ ገበሬ ሞፈሩን ሲያነድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁት? ሻይ ነው ያልኩት!»

ወተቱ እግሯ ላይ የፈሰሰባት ልጅ ለተ ብርሃን ትባላለች። ወገኖቿ ከደቡብ ትግራይ ወርደው ዋጃ ላይ በጨው ንግድ የኖሩ ናቸው፤ አሁን በቅሎዎቹም አባቷም የሉም። ምስጢሯን ልንገራችሁ፤ እሸቴ ግን ያን ጊዜ አያውቅም ነበር። ሕፃኑን የወለደችው እሷ አይደለችም። የወለደችው ታላቅ እህቷ ምሕረት ናት። ምሕረት ባሏን ቀብራ፣ አራስ ሆና ከዋጃ ወደ ቆቦ ስትመጣ መንገድ ላይ ደክማ ወደቀች፤ አልተነሣችም። «ልጄን... ለሰው እንዳትሰጪው» ነው ያለቻት። ለተ ብርሃን ባል አይታ አታውቅም። ሕፃኑን በእህቷ ነጠላ አዝላ ቆቦ ገባች፤ ስሙንም ካሳ አለችው።

እውነቱን ለምን አልተናገረችም? እናት የሌለው ሕፃን በደንቡ ወተት አይሰጠውም። በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ትልቁ ከተማ፣ ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ይላካል። መኪናው ሲነሣ አይታዋለች። ማንም ሳያቅፋቸው በጆንያ ላይ ተደርድረው ያለቅሱ ነበር። የት እንደሚደርሱ የሚነግር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ድሬሰሩ ፊት ቆመች። ያልወለደች ልጃገረድ ጡት ወተት ከየት ያምጣ? ጨመቀችው፤ ደረቅ ነው ተባለ፤ አለፈች።

ኡሙልኸይር ግን ወልዳለች። ረውዳ የምትባል ሴት ልጅ አላት። ስትጨምቅ አንዲት ጠብታ ወጣች። አንዲት ብቻ! «አለሽ፤ ዞር በይ» ተባለች። በየቀኑ ትመለሳለች፣ በየቀኑ ያች ጠብታ ትወጣለች። «ጠላቴ ይህቺ ጠብታ ናት» ትል ነበር፤ ስትል ትስቃለች። ረውዳ የምትቀምሰው ለተ ብርሃን ከካሳ ጣሳ የምታካፍላትን ነው። ለተ ብርሃን እናት አለመሆኗን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ አስተቃቀፏን አይታ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀችባት። «እንዲህ አይታቀፍም፤ እንጨት ነው እንዴ የያዝሽው?» ብላ አስተምራታለች። ላትናገርም ምላለች።

ከዚያ በኋላ ለተ ብርሃንና እሸቴ በበርሜሉ ግራና ቀኝ ወሬ ጀመሩ። እሱ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፤ እሷ ከጀርባው ጋር ታወራለች።

«ለምንድን ነው የምትዞረው?»

«ላለማየት።»

«ብታይስ ምን ይመጣል?»

«ሰዎቹ ያፍራሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ከእነሱ ይልቅ አፍራለሁ... በአገሬ፣ በከተማዬ እናት እንዲህ ስትሆን።»

ጣሳዋን እየተቀበለች፣ «ጀርባህ ላይ ሸሚዝህ ተቀድዷል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«መርፌ ካገኘህ አምጣው። እኔ እሰፋዋለሁ።»

መርፌም አመጣ። ሸሚዙንም ሰፋችው። እሷ እንደነገረችኝ፣ የሰውየውን ፊት በቅጡ ሳታውቅ ጀርባውን በእያንዳንዱ ስፌት አውቃው ነበር።

እሸቴ ለኡሙልኸይር ሹክ አላት። «ሽማግሌ ልላክ ብል ለማን እልካለሁ? ወገን የላት።»

«ለእኔ ላክ!» አለችው። «አሳፍሬ እንደምመልሳቸው ግን እወቅ። በግ አርደህ ካልመጣህ አልሰጥህም።»

«በግ የት አለ?»

«እንግዲያው ጀርባህን አዙረህ ና። ጀርባህን ወዳዋለች።»

መናደድ የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ስሰማ ነው።

ከመጋዘኑ የወጡ የወተት ጣሳዎች ጎብዬ ገበያ ላይ ሲሸጡ ተገኙ። ከነማኅተማቸው፣ በካርቶን። እናቶቹ የሚሰጣቸው በጭልፋ ነው፤ ካርቶን ከየት ያመጣሉ? ይህንን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ደንብ የወጣው ግን በእናቶቹ ላይ ነው። አቶ ሙሉጌታ መጋዘኑ ደጃፍ ወጥቶ አነበበ።

«ከእንግዲህ ወተት የምትወስድ እናት ሁሉ ከከተማው ነዋሪ ዋስ ታቀርባለች። ዋሱ ለልጁ ዘመድ መሆን አለበት።»

«ጌታዬ» አለች አንዲት እናት፣ «ዘመድ ቢኖረን እዚህ ምን እንሠራለን?»

«ደንብ ነው።»

«ከረሃቡ የተረፈ ዘመድ...»

«ረሃብ አትበይ! የዝናብ እጥረት ነው!»

ሰልፉ ተበተነ። እናቶቹ በቆቦ በየደጃፉ እየቆሙ ዋስ ለመኑ። የከተማው ሰውም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለማያውቀው ሰው በመንግሥት ፊት ዋስ መሆን ማንን አያስፈራ? ካሳ ሳይጠጣ ዋለ፤ አደረ። ማልቀሱ እያነሰ ሄደ። የሚያለቅስ ልጅ ደህና ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

እሸቴ ሹሙ ዘንድ ሄደ። «እኔ ዋስ ልሁናት።»

«ዘመድህ ናት?»

«አይደለችም።»

«ሠራተኛ ለባዕድ ዋስ መሆን አይችልም። ለዘመድ ብቻ።»

እያዘነ ሲወጣ ኡሙልኸይር ጠበቀችው። ዓይኗ ያበራል፤ ትልቅ ብልሃት አግኝታለች።

«ስማ! ልጁ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ደርሷል አይደል? እናንተ ዘንድ የክርስትና አባት የሚሉት ነገር አለ። አንተ ሁነው! ዘመድ ትሆናለህ፤ ዋስ ትሆናለህ፤ ልጁ ይጠጣል። ቀስ ብለህ ደግሞ እናቲቱን ታገባለህ። ሁለት ወፍ በአንድ ወጥመድ!»

እሸቴ አያት። አልሳቀም።

«ምን ሆንክ? ጥፋት ተናገርኩ?»

«የለም...» አለ። «ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጁ ይጠጣል።»

ኡሙልኸይር እስላም ናት፤ የእኛን ሥርዓት ከየት ታውቀዋለች? የክርስትና አባትና የልጁ እናት አበልጅ ይባላሉ። አበልጅ እንደ ሥጋ ወንድምና እህት ነው። አይጋቡም፤ ታስቦም አያውቅም። እሸቴ ይህንን ያውቃል። ጥሩ አድርጎ ያውቃል።

በአርባኛው ቀን ማለዳ መምሬ ገብረ መድኅን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ጠበቋቸው። እሸቴን ለብቻው ጠሩት። ለተ ብርሃን ከግንቡ ጥግ ሕፃኑን ይዛ ቆማ ነበርና ሁሉንም ሰማች።

«እሸቴ ልጄ፣ ታውቃለህ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ይህች ልጅ እህትህ ናት።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ሰው ሌላ ነገር ያወራል። ልብህ ወደ እሷ ነው ይላሉ።»

እሸቴ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ፣ «ልጁ ይጠጣ አባቴ» አለ።

ለተ ብርሃን ልትጮኽ አፏን ከፈተች። «እኔ እናቱ አይደለሁም!» ይህችን አንዲት ቃል ብትናገር እሸቴ ለእሷ አበልጅ አይሆንም። ግን እሸቴ ለልጁ ዘመድ መሆኑን ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት የሚመሰክሩት መምሬ ገብረ መድኅን ናቸው። ቄስን «ዋሹልኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ ካሳ ነገ ጆንያው ላይ ነው።

«እናቱ ማን ናት?» አሉ መምሬ፣ ዘይቱን ይዘው።

«እኔ» አለች።

በወለደች እናት ላይ የሚደገመው የአርባ ቀን ጸሎት በእሷ ላይ ተደገመ። ድንግል ራሷን ደፍታ፣ ያልወለደችውን ወልዳለች ተብላ ተጸለየላት። «ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር» አለችኝ። «ግን ካሳ እጄ ላይ ነበር። እሱን ይዤ ደግሞ እንዴት ልዋጥ?»

እሸቴ ሕፃኑን ከጥምቀቱ ተቀበለው። ታቅፎ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተያዩ... ከዚያ እሱ ዞረ።

ኡሙልኸይር ደጁ ላይ እልል ልትል ቆማ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ደነገጠች። አንዲት አሮጊት ነገሩን ስታስረዳት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ያ ረቢ! እኔ ላጋባችሁ ብዬ... እኔ እኮ ላጋባችሁ ብዬ ነው!»

ወተቱ ተገኘ። ካሳ እንደገና ማልቀስ ጀመረ። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ተጠፋፉ።

«እንደምን አደርሽ አበልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አበልጄ።»

በየጧቱ ይህቺው ናት። እሱ በልቡ፣ «ቢከፋት ኖሮ አንዲት ቃል ትናገር ነበር፤ ለካ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። እሷ በልቧ፣ «ካሳን ሳያቅማማ ነው ክርስትና ያነሣው። ቢወደኝ ኖሮ እንዴት አንዴ እንኳ ወደኔ አልዞረም?» ትላለች። አንድ ቀን ደፍሮ፣ «ከፍቶሻል?» አላት።

«አበልጄ፣ ወተቱን ቅዳልኝ። ሰልፍ አለ።»

ቀዳላት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቃትም። ኡሙልኸይር ከመሐል ሆና ትቃጠላለች፤ ምላለችና አትናገርም። «ሁለታችሁንም በአንድ ገመድ አስሬ ወንዝ ብጥላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንዙም ደርቋል!» ትላለች።

የካቲት ሲገባ ከወደ አዲስ አበባ ነገር መታወኩ ተሰማ። ሹሞቹ ፈሩ። ሲፈሩ ምን አደረጉ? መጋዘኑን ዘጉት! «የጠፋውን ወተት የሚያጣራ መርማሪ ይመጣል፤ እስኪመጣ አንድ ጣሳ እንዳይነቃነቅ» ተባለ። በሩ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፎ፣ በላዩ ላይ በሰም ታሸገ።

እናቶቹ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«መርማሪው መቼ ይመጣል ጌታዬ?»

«ሲመጣ።»

«ልጆቹስ እስከዚያ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ማኅተም እኮ ነው! ማኅተም ብነካ የምታሰር እኔ ነኝ!» አለ አቶ ሙሉጌታ። ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር ይላሉ። እውነቱን ነው፤ ይታሰር ነበር። ይህ ነው የሚያናድደኝ። እሱ ከበላዩ ይፈራል፤ የበላዩም ከበላዩ ይፈራል። በዚህ ሁሉ ፍርሃት ግርጌ አንድ ሕፃን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ረውዳ ሞተች።

ኡሙልኸይር አላለቀሰችም። ጥቂት ሰዎች ተከትለዋት ቀብራት ተመለሰች። ከዚያም ሸራው ሥር ተቀምጣ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ያች በሁሉ ነገር የምትቀልድ ሴት ዝም አለች። ለተ ብርሃን ከጎኗ ተቀመጠች። እጇን ያዘቻት። ካሳ በመካከላቸው በደከመ ድምፅ ያለቅስ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ኡሙልኸይር ዞር አለች።

«ስጪኝ።»

«ምን?»

«ልጁን።»

ተቀበለችው። ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ካሳ ፈለገ፣ ፈለገ... አገኘ። ለተ ብርሃን አፏን በእጇ ያዘች።

«ጠብታ አለሽ ብለው ከለከሉኝ አይደል?» አለች ኡሙልኸይር። እንባዋ አሁን ገና ወረደ። «ጠብታዋ እንግዲህ ለካሳ ትሁን። የረውዳ ወንድም ነው ከዛሬ ጀምሮ። እኛ ዘንድ የጡት ወንድም ወንድም ነው።»

«ኡሙልኸይር... ሓፍተይ... እህቴ...»

«አብሽሪ። ሲጠባት ትመጣለች። ትንሽ ትንሽ ትመጣለች።»

እውነትም መጣች። ልጁ በጠባ ቁጥር ጨመረች። ለተ ብርሃን ከመጠለያው ከምታገኘው ስንዴ ለኡሙልኸይር ታካፍላለች፤ ኡሙልኸይር ለካሳ። ካሳ ጉንጭ አወጣ።

አንድ ጧት ኡሙልኸይር ልጁን እያጠባች፣ «እሸቴ ሊሄድ ነው» አለች።

«ወዴት?»

«ሁመራ። ለሰሊጥ ሥራ። የሚበጠበጥ ወተት የለ፤ የሚያርስበት ሞፈር የለ፤ እዚህ ምን ይሠራል? ደግሞ...» አየቻት። «ደግሞ አበልጄ እያለ መኖር አቃተው። ለእኔ ነግሮኛል።»

ለተ ብርሃን የካሳን እግር በነጠላዋ ሸፈነች።

«አንቺ! የሹሙ ወተት ቀርቷል። ልጁ የእኔን ነው የሚጠባው። ከእንግዲህ የማንን ጣሳ ፈርተሽ ነው የምትዋሺው?»

«መኪናውስ? ቢጭኑትስ?»

«እኔ ላይ ተጣብቆ ነው የሚጭኑት? ይሞክሩ!»

ለተ ብርሃን ተነሣች። ሮጠች አሉ፤ እሷ ግን «አልሮጥኩም፤ ፈጠን ብዬ ሄድኩ እንጂ» ትላለች።

እሸቴ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ማማሰያ እንጨቱን ለአቶ ሙሉጌታ እያስረከበ ነበር። እናቶቹ እንደወትሮው በታሸገው በር ሥር ተቀምጠዋል። መምሬ ገብረ መድኅንም ለአንዲት የሞተች ልጅ ፍትሐት ሊያደርሱ መጥተው እዚያው ቆመዋል።

«አበልጄ...» አለች። ትንፋሿ ተቆራረጠ። «አበልጄ አይደለህም!»

ሁሉም ዞሩ።

«ካሳን እኔ አልወለድኩትም። የወለደችው እህቴ ምሕረት ናት። ዋጃ መንገድ ላይ ቀብሬያት ነው የመጣሁት። እኔ ባል አላውቅም። ወተት እንዳይከለከል ብዬ ዋሸሁ... አባቴ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋሸሁ፤ ይፍቱኝ። እሸቴ፣ አንተንም ዋሸሁህ።»

መጀመሪያ የተናገረው አቶ ሙሉጌታ ነው።

«መንግሥትን አታለሽ ወተት ወሰድሽ?»

«የትኛውን ወተት ጌታዬ?» ብላ ወደ ታሸገው በር አመለከተች። ከእናቶቹ መካከል የምሬት ሳቅ ተሰማ።

ሹሙ ተናደደ። «እንግዲያው ልጁ የሙት ልጅ ነው! በደንቡ እናት የሌለው ልጅ በመኪናው ይሄዳል። ነገ ይጫናል!»

በዚህ ጊዜ እሸቴ ከእሷና ከሹሙ መካከል ገባ። ጀርባውን አልሰጠም። ፊቱን ለሹሙ አድርጎ ቆመ።

«ልጁ አባት አለው።»

«የታለ?»

«እኔ። የክርስትና አባቱ ነኝ። ለዘመድ ዋስ መሆን ይቻላል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ዋስ አድርገው የተቀበሉኝም እርስዎ። ዋስ ያለው፣ አባት ያለው ልጅ የሙት ልጅ አይባልም። ደንብ ነው።»

«ደንብ ነው!» አለች አንዲት እናት ከበሩ ሥር።

«ደንብ ነው! ደንብ ነው!» ሁሉም ተቀባበሉት። ያ በየቀኑ ፊታቸው ላይ የሚዘጋባቸው ቃል፣ ያን ቀን ከእነሱ አፍ ወጣ። አቶ ሙሉጌታ እንጨቱን እንደያዘ ቆሞ ቆሞ ወደ ውስጥ ገባ። መኪናው በማግስቱ ካሳን ሳይጭን አለፈ። ሌሎች ግን ተጫኑ፤ ይህንን አልደብቃችሁም።

መምሬ ገብረ መድኅን ለተ ብርሃንን በዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«የዋሸሽበትን በስግደት ትከፍያለሽ» አሉ። «ብዙ ነው የምትሰግጂው።»

«እሰግዳለሁ አባቴ።»

«አበልጅነት ግን ከወለደች ጋር ነው። ያልወለደች አበልጅ አላውቅም።» ወደ እሸቴ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል? ከፋሲካ በፊት ሽማግሌ መላክ ክልክል ነው ያለህ አለ?»

«ለማን ልላክ አባቴ? ወገን የላትም።»

ከኋላ የኡሙልኸይር ድምፅ መጣ፤ ካሳን ደረቷ ላይ አድርጋ ተከትላ መጥታ ኖሯል። «ለእኔ ነው እያልኩህ!»

ትዳራቸው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በዚያው ሳምንት ያ መርማሪ መጣ። ሰሙ ተፈለጠ፤ ቁልፉ ተከፈተ። ከቆርቆሮው በታች በዚያ ሙቀት የቆየው ወተት በየጣሳው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤ በመዶሻ ነው የወጣው። መርማሪው ጠፋ የተባለውን ጻፈ፤ የደረቀውን ምን ብሎ እንደሚጽፈው ግን ጨነቀው። ኡሙልኸይር አንዱን ጓል አነሣችና ለድሬሰሩ ዘረጋችለት።

«እስቲ ጨምቀው» አለችው። «ጠብታ ይወጣው እንደሆነ።»

ድሬሰሩ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እሷም ጓሉን እግሩ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች።

ድግስ አልነበረም። የተቀቀለ ስንዴ ነበር፣ ውሃም ነበር፤ የፈላ ውሃ። በሙሽራዋ እናት ቦታ ኡሙልኸይር ተቀመጠች፣ ካሳ ጭኗ ላይ ሆኖ። እልልታውን የጀመረችው እሷ ናት፤ ከመሐል ላይ ድምጿ ተቆረጠ፣ ሌሎቹ እናቶች ጨረሱላት።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እሸቴ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ለተ ብርሃን ከኋላው የራሷን ስፌት ታያለች፤ ያው ሸሚዝ ነው።

«እሸቴ» አለችው።

«አቤት።»

«ዙር እንጂ። ከእንግዲህ ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?»

አልዞረም። ቆመ ብቻ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ትንሽ ቆዪ...»

እሷ አልቆየችም። ዞራ ከፊቱ ሄደች። ፊቱ በእንባ ርሷል። ስንት ወር ከግድግዳው ጋር ያወራበትን፣ ማንም እንዳያይበት የሸሸገውን ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ይኸው አየሁህ» አለችው። «በቃ... አየሁህ።»